ሥራዬን ትቼ የዱር እንስሳት አሰልጣኝ ልሁን?

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዕድሜዬ 24 ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬያለሁ። ሥራው አይከፋም፣ አለቃዬም ጥሩ ሰው ናቸው። ግን ልቤ እዚያ የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ልቤ ያለው እንስሳት ጋ ነው። ቤት ስገባ የማየው አሰልጣኞች ከእንስሳት ጋር ሲሠሩ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ነው። የባሕር አንበሳ በምልክት ብቻ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ሲያስመረምር ሳይ እንባዬ ይመጣል። እኔም ይህን ብሠራ እላለሁ።

ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም። በቅርቡ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። በስድስት ሳምንት ውስጥ የዱር እንስሳት አሰልጣኝነት ሰርተፊኬት እንሰጣለን ይላል። የአንበሳ ግልገሎችን ጡጦ ማጥባት፣ አብሮ መጫወት፣ ፎቶ መነሳት ሁሉ አለበት። ክፍያው ያጠራቀምኩትን በሙሉ ይወስዳል። ሥራዬንም መልቀቅ አለብኝ። ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ቀርቶታል ብለውኛል።

ለእናቴ ስነግራት አለቀሰች። «እዚህ ያደረስኩሽ ለአውሬ ልሰጥሽ ነው?» አለችኝ። አባቴ ምንም አልተናገረም። ዝምታው ከእሷ ለቅሶ ባሰብኝ። የቢሮ ጓደኞቼ ደግሞ ይስቁብኛል። እውነት ይሄ የልጅነት ምኞት ነው? ልተወው? ወይስ ልድፈር? እባክዎ ይምከሩኝ።

ግራ የገባኝ

*

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቀኑ እየነጎደ ስለሆነ የሚያስቸኩለውን ላስቀድም። ያን ክፍያ ለጊዜው አትክፈዪ። የሥራ መልቀቂያም አታስገቢ። ይህን ስልሽ ምኞትሽን የናቅኩ እንዳይመስልሽ። ሙያው በእርግጥ አለ። የሚያስተምሩ ኮሌጆች አሉ፣ በሙያው የሚተዳደሩ ሰዎችም አሉ። እኔን ያላማረኝ ማስታወቂያው ነው።

የአንበሳ ግልገል ለፎቶ የሚመቸው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ከዚያ ጥፍሩም ጉልበቱም ይበረታል፣ ለእንግዳ እጅ አይሆንም። ፎቶው እንዲቀጥል ሌላ ግልገል ይፈለጋል። እሱም በለጋነቱ ከእናቱ ይለያል። ያደገውስ የት ይገባል? አሜሪካ ይህን ንግድ ለማስቆም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 በወጣ ሕግ ሕዝቡ አንበሳና ታይገርን የመሳሰሉ እንስሳትን፣ ግልገሎቻቸውንም ጭምር፣ እንዳይነካ ከልክላለች። ከእንስሳት መጠለያዎችም ጥሩ ስም ያላቸው ለንግድ አያራቡም፣ ጎብኚም እንስሳቱን እንዲያቅፍ አይፈቅዱም።

ምናልባት ያየሽው ቦታ ከዚህ የተለየ ሊሆን ይችላል። በእኔ ቃል ብቻ አትፍረጂበት። ዛሬውኑ ጻፊና ጠይቂያቸው። ግልገሎቹ ከእናታቸው የተለዩት ለምንድን ነው? ሲያድጉ የት ይሄዳሉ? የሚያስተምረው ሰው ከዚህ በፊት የት ሠርቷል? ካለፉት ተመራቂዎች ሁለቱን ላናግር እችላለሁ? ንጹሕ ቦታ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አያጣም። የሚመጣልሽ መልስ «ቶሎ ክፈዪ፣ ቦታው እያለቀ ነው» የሚል ብቻ ከሆነ መልስሽን አገኘሽ ማለት ነው።

አሁን ወደ ራስሽ ልምጣ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ ያዢው። ካሜራ ባይኖር፣ ማንም ባያጨበጭብ፣ ይህን ሥራ ትወጂዋለሽ? ይህን የምጠይቅሽ የሙያው መልክ በአንድ ትውልድ ውስጥ ስለተቀየረ ነው። ድሮ አሰልጣኝ ሲባል ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ሰርከስ ነበር። ቦሊቪያ እ.ኤ.አ. በ2009 በሰርከስ እንስሳትን መጠቀም ከለከለች። እንግሊዝ ከ2020 ጀምሮ የዱር እንስሳትን ከተጓዥ ሰርከስ አስወጣች። ፈረንሳይም በ2021 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች። ዛሬ አብዛኛው ሥልጠና ከመድረክ ወርዶ ወደ እንክብካቤ ገብቷል። ብዙው የሚሠራው ጠዋት በማለዳ፣ ከፍርግርግ ጀርባ፣ ተመልካች በሌለበት ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ከአንበሳ ደም መቅዳት ያስፈልጋል እንበል። አንዱ መንገድ ማደንዘዣ መውጋት ነው። ማደንዘዣ ግን የራሱ አደጋ አለው፣ እንስሳውንም ያሸብራል። ሌላው መንገድ ማሰልጠን ነው። አሰልጣኟ ጫፉ ላይ ኳስ ያለው በትር ፍርግርጉ ላይ ትደግናለች። አንበሳው በአፍንጫው ሲነካው ፊሽካ ትነፋለች፣ ቁራጭ ሥጋ በመቆንጠጫ ታቀብለዋለች። ከዚያ በትሩን ተከትሎ በጎኑ መተኛት ይለምዳል። ቀጥሎ ጅራቱ በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ አለመደንገጥ ይለምዳል። ከዚያ ጅራቱን በጣት መነካት፣ ከዚያ በአልኮል በረጠበ ጥጥ መታሸት፣ ከዚያ በደነዘዘ ነገር ጫን መደረግ ይከተላል። መርፌው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ይህ ወራት ሊፈጅ ይችላል። በየትኛውም ደቂቃ አንበሳው ተነስቶ ቢሄድ ማንም አይከለክለውም፣ አይቀጣም። የዚያን ቀን ሥራ እዚያ ላይ ያበቃል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ይህ የመሄድ ነጻነት ነው። ያቺ የባሕር አንበሳ አሠልጣኝ ያስለቀሰችሽ እንስሳው ወዶ ስለመጣላት ይመስለኛል። እንዲያ ከሆነ ልብሽ ያለው በትክክለኛው ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ዴንቨር በሚገኘው የእንስሳት ማቆያ ቦንጎና ኒያላ የተባሉ እጅግ ድንጉጥ እንስሳትን በራሳቸው ፈቃድ ሳጥን ውስጥ ገብተው ደም እንዲሰጡ አስለምደዋል። እዚያ ላይ ትልቁ ሥራ የሳጥኑን በር ድምፅ ማስለመድ ነበር። በሩን በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀሱ፣ እንስሳው ጆሮውን ቀና ሲያደርግ ቆም እያሉ፣ ቀናት ወሰደባቸው። ይህን ስታነቢ አሰልቺ መሰለሽ ወይስ ልብሽ ደስ አለው? ከሥራው አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ቀሪው ደግሞ ፋንድያ መጥረግ፣ ምግብ መመዘን፣ የውሃ ገንዳ ማጠብና መዝገብ መሙላት ነው። ደመወዙ በብዙ ቦታ ዝቅተኛ ነው፣ ለአንድ ክፍት ቦታ የሚያመለክተው ሰው ግን ብዙ ነው። ይህን አውቀሽ መግባቱ ይሻልሻል።

ስለ ትምህርቱ ጠይቀሻል። በዚህ ሙያ ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ካሊፎርኒያ ያለው ሙርፓርክ ኮሌጅ ነው። የእንስሳት ሥልጠናና አያያዝ ፕሮግራሙ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ኮሌጁ የራሱ የእንስሳት ማቆያ አለው፣ የሚንከባከቡትም ተማሪዎቹ ናቸው። ሁለት ዓመት ገደማ የሚፈጅ ትምህርት ነው። እንስሳ በዓል አያውቅምና ተማሪዎቹ ቅዳሜ እሑድና በበዓል ቀንም ይሠራሉ። ከማመልከትሽ በፊት የምትጨርሻቸው ኮርሶች አሉ፣ ፉክክሩም ከባድ ነው። ከሌላ ቦታ ለሚመጣ ተማሪ ክፍያው ስለሚጨምር ከኮሌጁ ቀጥታ ጠይቂ። ፍሎሪዳ ጌንስቪል ያለው ሳንታ ፌ ኮሌጅም እንደዚሁ የማስተማሪያ ማቆያ አለው። ትኩረቱ ግን ከሥልጠና ይልቅ በእንስሳት ተንከባካቢነት ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ስፓርሾልት ኮሌጅ በማቆያና በአኳሪየም እንስሳት አያያዝ ያስተምራል።

እነዚህ ሩቅ ከሆኑብሽ ተስፋ አትቁረጪ። ብዙ አሰልጣኞች እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጡም። በባዮሎጂ፣ በሥነ እንስሳት ወይም በሥነ ልቦና ዲግሪ ይዘው፣ በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ጀምረው፣ ተንከባካቢ ሆነው፣ ከዚያ ወደ ሥልጠና የገቡ ናቸው። ሥነ ልቦና ስልሽ አትገረሚ። የዚህ ሙያ ሥር ያለው እዚያ ነው። ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ የተባሉ ባልና ሚስት የታዋቂው የሥነ ልቦና ሊቅ የቢ. ኤፍ. ስኪነር ተማሪዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዩኒቨርሲቲውን ትተው የራሳቸውን የእንስሳት ሥልጠና ድርጅት ከፈቱ። ዛሬ አሰልጣኞች የሚጠቀሙበትን ዘዴ ከቤተ ሙከራ ወደ ገበያ ካወጡት ቀዳሚዎቹ እነሱ ናቸው።

የእነሱን የራኩን ታሪክ ልንገርሽ፣ የትኛውን ትምህርት መምረጥ እንዳለብሽ ይረዳሻል። ራኩን እጁ እንደ ሰው እጅ የሚሠራ፣ ውሃ ዳር ምግቡን እየዳበሰ የሚፈልግ እንስሳ ነው። ሳንቲም እያነሳ ሳጥን ውስጥ እንዲከት አሰለጠኑት። አንድ ሳንቲም ሲሰጡት እያንገራገረም ቢሆን ከተተ። ሁለት ሲሰጡት ግን ነገሩ ተበላሸ። ሳንቲሞቹን እርስ በርሳቸው ያሻሻቸው ጀመር። ሳጥኑ ውስጥ ነከር ያደርግና መልሶ ያወጣቸዋል፣ ደግሞ ያሻሻል። ሽልማት ባይሰጠውም አልተወም። ለእሱ ሳንቲሙ ልጣጩ የሚወልቅ ምግብ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ይህን በይፋ ጽፈው አሳተሙት። እንስሳው ተፈጥሮውን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የምትማሪው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ባሕርይ እንዴት እንደሚለመድ ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ እንስሳ በዱር ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚፈራ፣ እንዴት እንደሚኖር ነው። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

በርቀት የሚሰጡ ጥሩ ኮርሶችም አሉ። የዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲዋ ሱዛን ፍሪድማን ለዓመታት በኢንተርኔት አስተምራለች፣ እንስሳው ምርጫ እንዲኖረው አጥብቃ የምትሟገት ሴት ናት። ከዶልፊን አሰልጣኝነት የተነሳችው ካረን ፕራየር ያቋቋመችው አካዳሚም በድምፅ ምልክት ስለማሰልጠን ያስተምራል። በሙያው ማኅበራትም አሉ። የባሕር እንስሳት አሰልጣኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ አለ። ማኅበራቱ የሥራና የልምምድ ማስታወቂያ ያወጣሉ። የምትመኚው ሥራ ምን ምን እንደሚጠይቅ ለማወቅ እነዚያን ማስታወቂያዎች ማንበብ ብቻ ብዙ ያስተምርሻል።

ይህ ሁሉ ግን ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋል። ዛሬ በእጅሽ ያለ ትምህርት ቤት ልንገርሽ። ዶሮ። በጣም ከልቤ ነው የምልሽ። ማሪያንና በኋላ ያገባችው ቦብ ቤይሊ፣ ከመላው ዓለም የሚመጡ አሰልጣኞችን ያስተምሩ የነበረው በዶሮ ነው። ዶሮ ፈጣን ናት፣ ይሉኝታም የላትም። ውሻ ስትሳሳቺ ይታገስሻል፣ ሊያስደስትሽ ይሞክራል። ዶሮ ከዘገየሽባት ትታሽ ትሄዳለች።

እንዲህ ሞክሪ። ቀጭ የሚል እስክሪብቶ ያዢ፣ በስኒ እህል ያዢ። የተለመደው የምግብ ሰዓቷ ከመድረሱ በፊት ሥሪ። ማስራብ ግን ክልክል ነው። መጀመሪያ ቀጭ አድርጊና ወዲያው ስኒውን አቅርቢላት፣ ሁለት ሦስቴ ትልቀም፣ መልሰሽ አንሺ። ድምፁን ስትሰማ ወደ ስኒው ከዞረች ገብቷታል። ቀጥሎ ቀይ ክዳን ፊቷ አስቀምጪ። ስታየው ቀጭ። አንድ እርምጃ ስትጠጋ ቀጭ። በአፏ ነካ ስታደርገው ቀጭ። ስልክሽን አቁመሽ ቅረጪውና በኋላ አዘግይተሽ እዪው። ቀጭ ያልሽው አፏ ክዳኑን ሲነካ ነው ወይስ ጭንቅላቷን ቀና ስታደርግ? ግማሽ ሰከንድ ከዘገየሽ የከፈልሻት ቀና ስላለች ነው፣ ስለዚህ ቀና ማለትን ትማራለች። እሷ አልሳተችም። ከዚያ ሰማያዊ ክዳን ጨምሪ። ቀዩን ስትነካ እህል አለ፣ ሰማያዊውን ስትነካ ምንም የለም። እሽ ብለሽ አታባሪያት፣ አትቆጫት። ዝም ብለሽ ጠብቂ። ዶሮ ከሌለሽ የጎረቤት ውሻም፣ ፍየልም፣ ድመትም ይሆናል።

በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሥሪ፣ የሆነውን ጻፊ። ሦስት ወር ብትቀጥዪ ሁለት ነገር ታገኛለሽ። አንደኛው፣ ሥራውን በእርግጥ ትወጂው እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሁለተኛው፣ ለኮሌጅም ሆነ ለልምምድ ስታመለክቺ የምታሳዪው ቪዲዮና መዝገብ ይኖርሻል። ስድስት ሳምንት ግልገል አቅፎ ከተነሱት ፎቶ ይልቅ፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይሄን ነው የሚያየው።

ስለ አካውንቲንግሽም ልናገር፣ አንቺ እንደ ሸክም ነው የጻፍሽው። የእንስሳት መጠለያዎችና የጥበቃ ድርጅቶች ሒሳብ የሚይዝላቸው ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ቅዳሜና እሑድ በበጎ ፈቃድ ሒሳባቸውን ብታግዢ ማንም በሩን አይዘጋብሽም። ከገባሽ በኋላ ደግሞ ጠዋት እንስሳት ሲመገቡ ማየት፣ ምግብ ማዘጋጀት፣ ተንከባካቢዎቹን መጠየቅ ይቻላል። ጥሩ አሰልጣኝ መዝገቡ የተስተካከለ ነው። ያ ደግሞ ያንቺ ሙያ ነው።

ዓይንሽንም ከአንበሳ ወዲያ አሻግሪው። ታንዛኒያ ሞሮጎሮ ውስጥ አፖፖ የተባለ ድርጅት ትልልቅ አይጦችን ፈንጂና የሳንባ ነቀርሳ እንዲያሸቱ ያሰለጥናል። ዘዴው አሁን በዶሮ የነገርኩሽ ነው፣ የቀጭታ ድምፅና ምግብ። አይጦቹ ቀላል ስለሆኑ ፈንጂው ላይ ቢቆሙም አይፈነዳም። ማጋዋ የተባለው አይጥ በአገልግሎት ዘመኑ ካምቦዲያ ውስጥ 71 ፈንጂ አግኝቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2020ም የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። እሱን ያሰለጠኑት እጆች የዱር እንስሳት አሰልጣኝ እጆች ናቸው።

የእናትሽን ለቅሶ አታቃልዪው። ፍርሃቷ ከመሬት የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ላስ ቬጋስ ውስጥ ሮይ ሆርን የተባለው ታዋቂ ትርዒተኛ ከግልገልነቱ ጀምሮ በሚያውቀው ታይገር ክፉኛ ተጎድቷል። ስለዚህ «አይነኩኝም፣ ይወዱኛል» አትበያት። ይልቅ አስረጃት። ዛሬ ጥሩ ማቆያ ውስጥ ከአንበሳ ጋር አንድ ግቢ አይገባም። በመካከል ፍርግርግ አለ፣ በሩ ድርብ ነው፣ ቁልፍ የሚፈተሽበት ሥርዓት አለ፣ ብቻውን የሚሠራ የለም። የአንበሳውን ቪዲዮ አብራችሁ እዩት፣ አሰልጣኟ የቆመችበትን ቦታ በጣትሽ አሳዪያት። ዶሮዋንም ስታሰለጥኚ ትመልከት። «ለአውሬ ልስጥሽ?» ያለችው ሌላ የምታውቀው ምስል ስለሌላት ይመስለኛል።

የአባትሽን ዝምታ ደግሞ እንደ ተቃውሞ አትቁጠሪው፣ ገና አልጠየቅሽውም። ለብቻው አግኚውና «አባዬ፣ አንተስ ምን ታስባለህ?» በይው። ከዚያ መልሱን ሳታቋርጪ ስሚ። ምናልባት የሚያሳስበው አንበሳው ሳይሆን እንጀራሽ ይሆናል። ለእሱ የምትመልሺለት ዕቅድ ነው፤ አንድ ዓመት ሥራሽን ሳትለቂ ትቆያለሽ፣ ያጠራቀምሽው አይነካም፣ በዚህ መሃል አንድ የርቀት ኮርስ ትወስጃለሽ፣ አንድ መጠለያ ውስጥ ታገለግያለሽ፣ ቢያንስ ሁለት ኮሌጆች የሚጠይቁትን መሥፈርት በጽሑፍ ትይዣለሽ። ሥራ የምትለቂው የመግቢያ ደብዳቤ ወይም የቅጥር ወረቀት እጅሽ ሲገባ ብቻ ነው። የትም ተቀጥረሽ ከእንስሳት ጋር ከመሥራትሽ በፊት ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ስለመውሰድ ሐኪም አማክሪ።

የቢሮ ጓደኞችሽን ለጊዜው ተያቸው። ለማስታወቂያው ባለቤቶች ጥያቄዎቹን ዛሬ ላኪ፣ የሚመልሱልሽንም ጻፊልኝ። አብረን እናየዋለን።